ጋውኔን ሳየው እንባዬ ይመጣል

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ደሴ የምማር የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ መርሳ አካባቢ ናቸው፤ አባቴ በሬ ሸጦ ነው የላከኝ። ክሊኒካል ፕራክቲስ ከጀመርን ወዲህ እኔ እኔን አልመስልም። ጠዋት ክላስ፣ ከሰዓት ዋርድ፣ ማታ ኬር ፕላን (የበሽተኛ እንክብካቤ ዕቅድ) መጻፍ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ የሌሊት ዱቲ። በቀን የአራት ሰዓት እንቅልፍ ካገኘሁ ብዙ ነው። እንዳይወስደኝ ብዬ ከዶርም ልጆች ጋር ጫት መቃም ጀምሬያለሁ። ባለፈው ወር ስከታተላት የነበረች አንዲት እናት እጄ ላይ አረፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አልጋ በኩል ማለፍ አልችልም። ኢንስትራክተሬ በሽተኞች ፊት «አንቺ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርሽም» አለኝ። አሁን ጠዋት ተነስቼ ጋውኔን ሳየው እንባዬ ይመጣል። ልተወው ይሆን? ወይስ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለ?
ሀ. ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ፤ በዕድሜ ታናሼ ነሽ፣ በሙያ ደግሞ ነገ አንድ ዋርድ ውስጥ አብረን ልንቆም እንችላለን።

ሰነፍ አይደለሽም። የተባልሽውም ልክ አይደለም። ያረፈች እናት ከወር በኋላም ከሐሳቧ ያልወጣችላትን ልጅ ለነርስነት አልተፈጠርሽም ማለት ትልቅ ስህተት ነው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ በጣም ያስደነገጠችኝ ግን «አራት ሰዓት» የምትለዋ ናት። በአንቺ ዕድሜ ያለ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት አለበት። አንቺ በየቀኑ ቢያንስ ሦስት ሰዓት እየተበደርሽ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሲጠራቀም ልብንም ይሰብራል፣ ትዕግስትንም ይበላል፣ ትናንት ያጠናሽውንም ያስረሳሻል። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የእጁ ቅልጥፍና ሲለካ፣ ደሙ ውስጥ 0.05 ፐርሰንት አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል። 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 ይጠጋል። እስቲ አስቢው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተሽ ክላስም ዋርድም ውለሽ የሌሊት ዱቲ ከገባሽ፣ ገና ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መርፌ የያዘው እጅሽ የጠጣ ሰው እጅ ሆኗል ማለት ነው።

ይሄን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ኢንተርን ሳለሁ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ሳልተኛ ቆይቼ ለአንድ በሽተኛ ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ አዘዝኩ። 80 ሚሊግራም ለመጻፍ አስቤ 800 ጽፌያለሁ። ጽሑፉ የራሴ ነው፣ ፊርማውም የራሴ ነው፣ ስጽፈው ግን አላየሁትም። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር ካርዱን ይዘው መጡና በዝግታ «ዶክተር፣ ይቺን አንዴ ይዩልኝ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያ ሰው በጤና ወደ ቤቱ የገባው እኚያ ሲስተር የዚያን ቀን ተኝተው ስለመጡ ነው። አንቺም ነገ ያቺ ሲስተር ትሆኛለሽ፤ ለዚህ ነው እንቅልፍሽ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም የምልሽ።

ከያዝነው ላይቀር፣ ተማሪዎች በመርፌ የሚወጉት ብዙ ጊዜ ሲደክማቸውና ሲቸኩሉ ነው። ከተወጋሽ አትደብቂ። ቦታውን በሳሙናና በውሃ ታጠቢና ወዲያው ለተረኛው ተናገሪ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ቢቻል በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ 72 ሰዓት ሳይሞላ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽን ሦስቱንም ጨርሰሽ እንደሆነ አሁኑኑ አረጋግጪ።

ወደ እንቅልፉ ልመለስ። ፕሮግራሙን አንቺ አላወጣሽውም፣ አውቃለሁ። ግን በእጅሽ ያለ ነገር አለ። የሌሊት ዱቲ ባለሽ ቀን ከመግባትሽ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ተኚ፣ ክፍሉን አጨልመሽ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ። ዱቲ ላይ ዋርዱ ጸጥ ሲል ከጓደኛሽ ጋር ተራ ተያይዛችሁ፣ ለተረኛዋ ነርስ አሳውቃችሁ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ አረፍ በሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ስትነሺ ትደነዝዣለሽ። ጠዋት ስትወጪ በዚያው ላይብረሪ አትግቢ። ዓይንሽን በሻርፕ ሸፍነሽም ቢሆን በቀጥታ ወደ አልጋ። ኬር ፕላኑን ደግሞ ማታ ዶርም ገብተሽ ከዜሮ አትጀምሪው። ቫይታል ሳይን (ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት) ስትለኪ፣ በሽተኛዋን ስታናግሪ፣ እዚያው አልጋው አጠገብ ያገኘሽውን በትንሽ ማስታወሻ ያዢ፤ ከዋርድ ሳትወጪ ግማሹ ይጠናቀቃል። ማታ ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ሥራ አርባ ደቂቃ ሲሆን ታዪዋለሽ።

ጫቱን በተመለከተ አልቆጣሽም። በወሎ ጫት የቤት ነገር ነው፣ ሽማግሌዎች ዱአ ሲያደርጉ እያየን ነው ያደግነው። አንቺ የያዝሽው ግን ሌላ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር የሚሠራው አምፌታሚን እንደሚባለው አነቃቂ ዕፅ ነው፤ እንቅልፍሽን አይሰጥሽም፣ ድካሙን ይደብቅብሽና ረሃብሽንም ያጠፋዋል። ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ ከነወለዱ ይመጣል፣ ድብርቱም አብሮት። ጠዋት ጋውንሽን ስታዪ ከሚመጣው እንባ ውስጥ የተወሰነው ከማታው ጫት የተረፈ ይመስለኛል። በአንዴ ብትተይው ጥቂት ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሻል፣ ይከፋሻል፣ መጥፎ ሕልምም ታዪ ይሆናል፤ ያልፋል። ስለዚህ ፈተና በሌለበት ሳምንት ጀምሪው። ቡናም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ባትጠጪ ይሻላል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከጠጣሽው ቡና ግማሽ የሚሆነው ካፌይን 5 ሰዓት ላይም ሰውነትሽ ውስጥ አለ።

አሁን ስለዚያች እናት።

እኛ ወሎዎች ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። ቅሬው (ዕድሩ) ይሰበሰባል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀመጣል፣ እህል ይመጣል፣ ሐዘንተኛው እስኪበቃው ያወራል፣ እስኪበቃው ያለቅሳል። ዋርድ ውስጥ ግን ቅሬ የለም። አስከሬኑ ተሸፍኖ ይወጣል፣ አንሶላው ይቀየራል፣ ብዙም ሳይቆይ ሌላ በሽተኛ ይተኛበታል፣ አንቺም ቴርሞሜትርሽን ይዘሽ ወደ ቀጣዩ አልጋ ትሄጃለሽ። ማንም «ደህና ነሽ?» አላለሽም። ለቅሶውን ሳትቀመጪ ነው የወጣሽው። በዚያ አልጋ በኩል ማለፍ ያቃተሽ ለዚህ ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ያን ቀን ዋርድ ውስጥ ከነበሩት ሁለት ሦስት ልጆች ጋር ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቡና አፍሉ። ከአቦል እስከ በረካ ተቀመጡ። የበሽተኛዋን ስም ሳታነሱ የሆነውን ተናገሪው፣ እጇ እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር፣ አንቺ ምን እንዳሰብሽ፣ ምን ብታደርጊ ኖሮ ብለሽ እንደምትብሰለሰዪ። እነሱም የተሸከሙትን ሲያወጡ ትሰሚያለሽ። ሁለተኛው ነገር፣ የምታምኛትን አንዲት ሲስተር ወይም ሐኪም ፈልገሽ «ያን ቀን የሆነውን በሕክምናው በኩል አስረዱኝ» በያቸው። ተማሪ ሲባል ብዙ ጊዜ ሞቱን ሁሉ በራሱ ላይ ይጭናል። ቶሎ ብጠራ ኖሮ ይላል። ነገሩ ሲብራራለት ግን ተማሪ ቀርቶ ስፔሻሊስትም ላይመልሰው ይችል የነበረ ሆኖ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ አንቺ ልጅ ነበርሽ። መርሳም አልቀረለትም። የዚያን ጊዜ ያየሽው ነገር አሁን በሕልምሽ የሚመጣ ከሆነ፣ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስበረግግሽ ከሆነ፣ ደም ስታዪ ወደዚያ የሚወስድሽ ከሆነ ለምታይሽ ባለሙያ ንገሪያት። ከትምህርት ድካም የተለየ ነገር ነው፣ የራሱ ሕክምና አለው።

ኢንስትራክተርሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። በሽተኛ ፊት ተማሪን ማዋረድ ማስተማር አይደለም፣ በሽተኛውንም ያስፈራዋል። ረጋ ባልሽበት ቀን ብቻውን አግኝተሽ «የትኛው ፕሮሲጀር ላይ ነው የተሳሳትኩት? አሳየኝና ደግሜ ልሥራው» በይው። ከቀጠለ ለክፍል ተጠሪያችሁ ወይም ለዲፓርትመንቱ ይነገር፣ ብቻሽን ሆነሽ ሳይሆን ከሌሎች ጋር።

መድኃኒት አለ ወይ ላልሽው፣ መጀመሪያ ደምሽን ተመርመሪ። ሁሉንም ነገር ውጥረት ብለን ማለፍ የለብንም። ወር አበባሽ ይበዛል? ደረጃ ስትወጪ ልብሽ ይመታል? የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ደሴ ላለን ሰዎች ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ሂሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር) በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ሲሆን የደም ማነስ እንላለን። ይህ ቁጥር ግን ለቆላው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ሂሞግሎቢኑ ከፍ ማለት አለበት፣ ቢያንስ በ1 ግራም። ስለዚህ ውጤትሽ 12.4 ሆኖ «ኖርማል ነው» ቢሉሽ፣ ከፍታውን አስታውሺያቸው። የታይሮይድ ምርመራም ይታዘዝልሽ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለሽ የቲቢ ምርመራ አትዝለዪ፤ ዋርድ ውስጥ ነው የምትውዪው። ምግብ ሳትበዪ ዱቲ አትግቢ፣ ከቤት የመጣ በሶ ካለሽ በጥብጠሽ ጠጪ። ሻይና ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቂው፣ ብረቱን እንዳይዝብሽ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚከፋሽ ከሆነ፣ ድሮ የሚያስደስትሽ ነገር ሁሉ ካስጠላሽ፣ ጊዜ አግኝተሽም እንቅልፍ እንቢ ካለሽ፣ ራስሽን ከንቱ አድርገሽ ካየሽ፣ ይሄ ተራ ድካም ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሽታዎችን በዘረዘረበት ሰነድ፣ ከሥራ የሚመጣውን መዛል በሽታ ብሎ አልመደበውም። ድብርት ግን በሽታ ነው፣ ይታከማል፣ በንግግርም በመድኃኒትም። የሳይካትሪ ክሊኒክ ሄጄ ክፍል ጓደኞቼ ቢያዩኝስ አትበዪ። ነገ ራስሽ «ይሄ አያሳፍርም» ብለሽ በሽተኛ የምትልኪበት ቦታ ነው።

መኖር ካስጠላሽ ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ግን እስከ ጠዋት አትጠብቂ። ዶርም ያለችውን ጓደኛሽን ቀስቅሺያት፣ ብቻሽን አትሁኚ፣ አብራችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ልተወው ወይ ላልሽው መልሴ፦ አሁን አትወስኚ። በአራት ሰዓት እንቅልፍ የሚወሰን ውሳኔ አይደለም። ሦስት ሳምንት ስጪኝ፤ ተኚ፣ ጫቱን አቁሚ፣ ቡናውን አፍዪ፣ ደምሽን ተመርመሪ። ከዚያም ካልቻልሽ መተው ብቻ አይደለም ያለው። የጤና ማስረጃ አቅርበሽ ዊዝድሮው (ትምህርት ለጊዜው ማቋረጫ) መሙላትና አርፈሽ በሪአድሚሽን (በዳግም ቅበላ) መመለስ ይቻላል፤ ጊዜው ሳያልፍብሽ አሠራሩን ከሬጅስትራር ጠይቂ። እንደዚያ ያደረጉና ዛሬ በደንብ የሚሠሩ ነርሶች አውቃለሁ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ለአባትሽ ደውዪ። ስለ በሬው አይደለም። «አባባ፣ አንዲት እናት እጄ ላይ ሞተችብኝ» በያቸው። ምን እንደሚሉሽ ጻፊልኝ፣ የሂሞግሎቢን ውጤትሽንም አብረሽ።