ስእለቴን ለመክፈል ልበደር?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጥኩ የምኖር ሴት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ በጠና ታሞ «ከዳነልኝ ለቁልቢ ገብርኤል የወርቅ ሐብል አስገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ልጄ ድኖ ትምህርት ቤት ገባ። ሐብሉን ሳልገዛ ግን ባለቤቴ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ወገቡን ተጎዳ፤ መነገጃዬም ለሕክምናው አለቀ። አሁን ሙስሊሟ ጎረቤቴ በዱቤ በምትሰጠኝ ሽንኩርት ነው የምንኖረው። ሰዎች «ስእለትሽን ስላስቀረሽ በረከት ራቀሽ» ይሉኛል። በአራጣ ተበድሬ ልክፈል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አትበደሪ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምክሬን ሰምተሽ ሳትጨርሺ አበዳሪው ደጅ እንዳትደርሺ ፈርቼ ነው።

ስእለት ዕዳ መሆኑ እውነት ነው። መጽሐፈ መክብብም የተሳልከውን ለመፈጸም አትዘግይ ይላል (5፥4)። ነገር ግን ኦሪት ዘሌዋውያን 27፥8 የተሳለው ሰው ድሃ ሆኖ የተተመነውን መክፈል ቢያቅተው ካህኑ ፊት እንዲቀርብ፣ ካህኑም እንደ አቅሙ እንዲተምንለት ያዝዛል። ስለዚህ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂና ያለሽንም የሌለሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ሐብሉ በጧፍና በዕጣን ይለወጥ እንደሆነ፣ ወይም እስኪሞላልሽ ትታገሺ እንደሆነ እርሳቸው ይወስናሉ።

የሰዎቹ ወሬ ግን ያበሳጨኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰውን ከነቤቱ ሲወስድ፣ ስእለት ያስቀረውን እየመረጠ ነበርን? ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሁሉ የከፋ በደለኞች አልነበሩም ብሏል (ሉቃ. 13፥4)። ለእነዚያ ሰዎች ይህን አንብቢላቸው፤ ካልሰሙሽም ቡናሽን ከሌላ ጋር ጠጪ።

ታኅሣሥ 19 ያ ሁሉ ሕዝብ ደንገጎን አልፎ ቁልቢ የሚወጣው በየትኛው ታሪክ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ መልአኩ ሠለስቱ ደቂቅን፣ ሦስቱን ልጆች፣ ከእቶን እሳት ያዳነበት በዓል ነው። ልጆቹ ወደ እሳቱ ሲጣሉ እጃቸው ባዶ ነበር። ከሦስቱ አንዱ አዛርያስ በነበልባሉ መካከል ቆሞ ሲጸልይ፣ በዚህ ጊዜ መሥዋዕት የለንም፣ መባ የለንም፣ ዕጣንም የለንም፣ የምናቀርብበትም ስፍራ የለንም፤ በተሰበረ ነፍስና በትሑት መንፈስ ግን ተቀበለን አለ። ይህ ከአንቺ ጥያቄ ጋር አንድ አይደለምን? መልአኩም ወርዶ የእቶኑን መካከል ጠል እንዳለበት ነፋስ አደረገላቸው። ውጭ የቆሙትን ከለዳውያን እሳቱ ፈጅቷቸዋል፤ ስለዚህ አልጠፋም ነበር። ፍጥረት ሁሉ ጌታን እንዲባርክ የሚጠራውን ያን ረጅም ምስጋና ያቀረቡትም ከእቶኑ ሳይወጡ ነው።

አንቺ ዘንድ ያለው ጠል የት እንደሆነ ልንገርሽ። ስለ ጎረቤትሽ የጻፍሽው አንድ መስመር ነው፤ እንደ ውርደት ቆጥረሽው ቸኩለሽ ያለፍሽው መሰለኝ። እኔ ግን እርሱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። መነገጃሽ ባለቀ ማግስት የልጆችሽን የዕለት ጉርስ ያላጣሽው በእርሷ እጅ ነው። በረከት ራቀኝ ስትዪ ይህን የት አስቀመጥሽው? ሽንኩርቱ ሲሸጥ ከሁሉ በፊት የእርሷን ሒሳብ ክፈዪ፤ የሰውን ገንዘብ አስቀርቶ ለመልአኩ ወርቅ ማስገባት አይገባም።

ባለቤትሽን ጠበል ማስጠመቁ መልካም ነው፤ የሐኪሙ ቀጠሮ ግን አይለፈው።

ለቁልቢ የመሳፈሪያ ካጣሽ ወር በገባ በ19 እዚያው ድሬዳዋ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ። የተሳልሽለትንም ልጅ ይዘሽው ሂጂ፤ ጧፉን እርሱ ይያዝ።