የነርስነት ላይሰንሴን ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ ሳመጣ 14 ወር ያስቀረኝ ዓመተ ምሕረት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። በነርስነት ዲግሪ አለሽ፣ አገር ቤት ሰባት ዓመት ሠርተሻል፣ በዲቪ ሜሪላንድ ገብተሻል፣ አሁን «ላይሰንሴን እንዴት ላዘዋውር?» ትያለሽ። የሚዘዋወር ነገር የለም። የአገር ቤቱ ላይሰንስ እዚህ የሚያገለግልሽ ነርስ መሆንሽን ለማስረዳት ብቻ ነው። ትምህርትሽ ይገመገማል፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ ከዚያ እዚሁ እንደተማረች ነርስ ኤንክሌክስ ለሚባለው የነርሶች የላይሰንስ ፈተና ትቀመጫለሽ። ፈተናው እንዴት እንደሚጠና የሚነግሩሽ ብዙ ናቸው። እኔን ያቃጠለኝ ወረቀቱ ነው።

1ኛ፦ ትራንስክሪፕትሽን በእጅሽ ይዘሽ ስለመጣሽ አትረጋጊ። ገምጋሚው፣ ድሮ ሲጂኤፍኤንኤስ አሁን ትሩሜሪት የሚባለው፣ ከትምህርት ቤትሽ በቀጥታ የተላከ ነው የሚፈልገው። ላይሰንስሽንም የሰጠሽ መሥሪያ ቤት ራሱ አረጋግጦ ይልካል። የመንግሥት ተማሪ ከነበርሽና የወጪ መጋራት ዕዳሽን ካልጨረስሽ ኦፊሻሉን አይለቁልሽም፤ መጀመሪያ እሱን ዝጊ።

2ኛ፦ ዓመተ ምሕረት። እዚህ ላይ አደራ፣ ረጋ ብለሽ አንብቢ።

የኮሌጄ ሬጅስትራር ፎርሙን ሲሞላ የገባሁበትን 1999፣ የጨረስኩበትን 2002 ብሎ በእኛ አቆጣጠር ጻፈና ላከው። ፓስፖርቴ ላይ የተወለድኩት በ1988 ነው፣ በፈረንጅ። ወረቀቱን ለሚያየው ሰው በ11 ዓመቷ ኮሌጅ የገባች ልጅ ነኝ። እኔ ማመልከቻው ላይ ከ2006 እስከ 2010 ብዬ ሞልቻለሁ፣ ላይሰንሴም በፈረንጅ 2010 ይላል። ሦስቱ ወረቀት አልገጠመም፤ ፋይሌ ቆመ።

ማስተካከያው ሬጅስትራሩ ሁለቱን አቆጣጠር አስረድቶ የሚጽፈው አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። ወንድሜን ላክሁት። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴትዮ «ባለቤቷ ትምጣ» አለችው። አሜሪካ ነው ያለችው ቢላት «እሱ የኛ ጉዳይ አይደለም» ብላ መስኮቱን ዘጋችበት። ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄጄ ውክልና ላክሁ፤ ውጭ ጉዳይ፣ ሰነዶች፣ ሁሉንም ዞረ። ተመልሶ ሲሄድ ደግሞ «ፋይሏ አልተገኘም» ተባለ። እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ የሌሊት ሥራ ላይ ስለነበርኩ በእረፍቴ ኮሪደር ላይ ቆሜ እደውልላቸው ነበር። ስሜን ስጠራ ስልኩን ትዘጋዋለች። አራት ዓመት የተማርኩበት፣ በማዕረግ የተመረቅኩበት ግቢ ነው። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ፋይሉን ያገኙልኝ ያስተማሩኝ አንድ መምህር ናቸው። ወንድሜን ይዘው መዝገብ ቤት ገቡ፣ ሌላ ዓመት ተመራቂዎች መደርደሪያ ላይ አገኙት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። እስከዚያ 14 ወር አለፈ።

እነዚያን 14 ወራት በነርሲንግ ሆም ረዳት ሆኜ ነው የሠራሁት። አንድ ሌሊት አንዲት እናት አልጋቸው ላይ ላብ አጥምቋቸው፣ እጃቸው በረዶ ሆኖ፣ የሚናገሩት አልያያዝ ሲል ስኳራቸው ወርዷል ብዬ ነርሷን ጠራሁ። ስትለካው 41። «እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። ነርስ ነኝ አልኳት።

ስለዚህ ሬጅስትራሩ ፎርሙን ከመላኩ በፊት ሰው አጠገቡ ይቁምልሽ። ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የፈረንጁን ያስጽፍ፣ ሁለቱን አቆጣጠር የሚያስረዳ ማህተም ያለበት ገጽም አብሮ ይግባ። በዚያው የስምሽ ፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ መሆኑን ይይልሽ። የክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ሰዓትሽም በየክፍሉ ተለይቶ ይጻፍ፦ የሕፃናት፣ የማዋለጃ፣ የአእምሮ። ውክልናውን ግን ባያስፈልግም ዛሬውኑ ላኪ፣ ሲጠይቁ ጊዜ ይበላል።

እኔ ኮምፒውተሩ 85ኛው ጥያቄ ላይ ፈተናውን ሲዘጋብኝ ወደቅሁ ብዬ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ። አልፌ ነበር። አሁን ሆስፒታል ነው የምሠራው።

የዚያ ደብዳቤ ኮፒ አለኝ። ስሜን አጥፍቼ እልክልሻለሁ፣ የእናንተ ሬጅስትራር እሱን አይቶ ይጻፍ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ስለምገባ ሰኞ ነው የምመልስልሽ።