የሚያላዝነው ዲፈረንሻሉ ነው ወይስ ሌላ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1975 የተሠራ ባለ አጭር ሻንሲ ሲሪስ ሦስት ላንድሮቨር አለኝ። ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ከኋላ ማላዘን ይጀምራል፤ 60 ላይ አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው ጋር መነጋገር ያስቸግራል። እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳነሣ ግን ወዲያው ጸጥ ይላል። ከቆመበት ሲነሣና የኋላ ማርሽ ሳስገባ ደግሞ ‹‹ጓ›› የሚል ድምፅ አለው፤ በእርምጃ ፍጥነት ስነዳው እንደ ጫጩት ሲጥ ሲጥ ይላል። የፊት ጎማዎቹ ከአክስሉ ጋር የሚያያይዟቸውና የሚያላቅቋቸው፣ በእጅ የሚቆለፉና የሚለቀቁ ፍሪ ዊሎች አሏቸው። መካኒኬ የኋላው ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርሶች ሳጥን፣ ሙሉ በሙሉ ይቀየር ብሎኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ለጊዜው ምንም እንዳያስፈቱ እንመክራለን። በደብዳቤዎ ውስጥ የተገለጹት ድምፆች ሦስት ናቸው፤ መካኒክዎ ግን ለሦስቱም አንድ ጥፋተኛ አግኝቶላቸዋል። ማላዘኑ፣ ጓታውና ሲጥሲጥታው ከአንድ ቦታ ሊመጡ ይችሉ ይሆናል፤ በአሮጌ መኪና ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ከተለያየ ቦታ ይመጣሉ፣ እያንዳንዱም በየራሱ መንገድ መመርመር አለበት።

ከቀላሉ ከሲጥሲጥታው እንጀምር። በመኪናዎ ላይ ከትራንስፈር (ከካምቢዮው በስተኋላ ሆኖ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን) ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር እሱ 4.7 ጊዜ ይዞራል። 7.50-16 የተባለው ጎማ በአንድ ዙር 2.5 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ መኪናው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጎማው በሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ሲዞር ዘንጉ ከአምስት ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። እንግዲህ በኋላው ጎማ ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉና፣ አንድ ሰው በጥቂት ሜትር ርቀት ከጎን አብሮ እየተራመደ፣ በአንድ የጎማ ዙር ውስጥ ስንት ጊዜ ሲጥ እንደሚል ይቁጠርልዎ። አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ነገሩ ከጎማው ጋር እኩል የሚዞር፣ ለምሳሌ የፍሬን ታምቡር ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። አምስት ጊዜ ያህል ወይም ቆጥሮ ለመከታተል የሚያስቸግር ጥድፊያ ከሆነ ግን ጉዳዩ የረጅሙ ዘንግ ነው፤ እንደ ጫጩት የሚጮኸውም አብዛኛውን ጊዜ ግሪስ ያለቀበት ክሮቸራ፣ ማለትም በዘንጉ ጫፍ ያለው ባለ መስቀል ተጣጣፊ መጋጠሚያ ነው።

ክሮቸራውን ለማየት መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በጠንካራ ሽብልቅ ይደግፉ፣ ከዚያ ከሥር ይግቡ። ሽብልቁን አጥብቀን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ መኪና የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከትራንስፈሩ በስተኋላ ያለውን ታምቡር ስለሆነ፣ ዘንጉን ሲፈቱት የኋላ ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። ይባስ ብሎ፣ ዘንጉ በቦታው እያለ እንኳ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሡት፣ በአየር ላይ ያለው ጎማ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ ያለው ወደ ፊት እንዲሄድ ዲፈረንሻሉ ስለሚፈቅድ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ ሳለ መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊሄድ ይችላል።

ከገቡ በኋላ በክሮቸራው አራት ጆሮዎች ዙሪያ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ይፈልጉ። ያ ዱቄት በውስጡ ያሉት ቀጫጭን መርፌ መሳይ ኩሽኔታዎች ደርቀውና ዝገው የተፈጩት ነው፤ እሱን ካዩ ግሪስ መጨመሩ ለጥቂት ቀን ድምፁን ያጠፋው እንደሆን እንጂ አያድነውም። ቀጥሎ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ክፍሎች በሁለት እጅ ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠምዝዙ። አንዱ ሳይንቀሳቀስ ሌላው ትንሽ እንኳ ከተላወሰ፣ ከቆመበት ሲነሣ ጓ የሚለውን ድምፅ ቢያንስ በከፊል አገኙት። ዘንጉን ከመፍታትዎ በፊት ግን በሁለቱ ተንሸራታች ክፍሎች ላይ ፊት ለፊት የሚገናኝ ምልክት በቺዝል ወይም በቀለም ያድርጉ። አንድ ክሮቸራ ብቻውን ሲታጠፍ የዘንጉን ፍጥነት በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያዋዥቀዋል፤ በሌላው ጫፍ ያለው ክሮቸራ መዋዠቁን የሚያጠፋው የሁለቱ ሹካዎች አቀማመጥ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። በአንድ ጥርስ ተዛንፎ የተገጠመ ዘንግ አዲስ ክሮቸራ ቢገባለትም ይንቀጠቀጣል፤ ሰውም ወዲያው ሌላ ነገር መቀየር ይጀምራል።

አሁን ወደ ማላዘኑ እንምጣ። እግርዎን ከነዳጁ ላይ ሲያነሡ ወዲያው ጸጥ ማለቱ ትልቅ መረጃ ነው። ጎማም ሆነ የጎማ ኩሽኔታ የነዳጅ መርገጫውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ፍጥነትንና መታጠፍን ነው። ኩሽኔታ በመታጠፊያ ላይ ክብደት ወደ እሱ ሲመጣ ይጮኻል፣ ሲቀልለት ይቀንሳል፤ ጎማ ደግሞ ከአስፋልት ወደ ጠጠር ሲወጣ ድምፁን ይለውጣል። በነገራችን ላይ የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት የራሱን መኪና የኋላ ዲፈረንሻል ሦስት ቀን ፈጅቶ ፈትቶ፣ አጥቦና ገጥሞ ሲያበቃ ድምፁ እንዳለ አግኝቶታል፤ ጥፋተኛው ጥርሱ እንደ መጋዝ የተበላ የጭቃ ጎማ ነበር። የእርስዎ ግን ነዳጅ ሲሰጡት የሚያላዝንና ሲለቁት የሚተው ስለሆነ፣ ኃይል ተሸክሞ የሚዞር ጥርስ መኖሩን ያመለክታል። ይህ ጥርስ የዲፈረንሻሉ ኮሮናና ፒኞን (ትልቁ ክብ ጥርስና እሱን የሚያዞረው ትንሹ ጥርስ) ሊሆን ይችላል፤ በትራንስፈሩ ውስጥ ያለውም መካከለኛ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ በጆሮ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ የቆርቆሮ አካል ድምፅን ወደማይጠበቅበት ቦታ ይወስደዋልና።

የሚለያቸው አንድ ጥሩ ሙከራ አለ። የፊት ፍሪ ዊሎችን ይልቀቁ፤ ደልዳላ መንገድ ላይ በተለመደው አራተኛ ማርሽ በ40 ኪሎ ሜትር ይንዱና ድምፁን በደንብ ያዳምጡ። ከዚያ መኪናውን አቁመው ባለ ቀይ እጀታውን ዘንግ ወደ ኋላ በመሳብ ከባዱን የትራንስፈር ማርሽ ያስገቡና፣ በአራተኛ ማርሽ በዚያው 40 ኪሎ ሜትር በቀስታ ይንዱ። ሞተሩ ይጮኻል፣ አይደንግጡ። በሁለቱም ጊዜ ዲፈረንሻሉ የሚዞረው በእኩል ፍጥነት ነው፤ በትራንስፈሩ ውስጥ ኃይል የሚያልፍባቸው ጥርሶች ግን ተለውጠዋል። የማላዘኑ ቃና ሳይለወጥ ከቀጠለ ዲፈረንሻሉ ነው፤ ከጠፋ ወይም ቃናው ሌላ ከሆነ ትራንስፈሩን ይጠርጥሩ። ፍሪ ዊሎቹ የተለቀቁ ስለሆኑ ኃይሉ ሁሉ የሚያርፈው በኋላው ላይ ነውና፣ በዚህ ሁኔታ ዳገት ወይም ጭነት አይሞክሩ።

ወደ ዲፈረንሻሉ ካመለከተ፣ መጀመሪያ የሚፈታው የዘይት መሙያው ቡሎን ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ዘይቱ ከቀዳዳው አፍ እኩል ካልደረሰ፣ ኢፒ 90 የተባለውን የማርሽ ዘይት እስኪንጠባጠብ ድረስ ይሙሉትና ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ያዳምጡት። አሮጌውን ዘይት ካፈሰሱ በማግኔት ይፈትሹት፤ እንደ ግራጫ ሊጥ የሚጣበቀው የዘመናት ፍቅፋቂ ስለሆነ አያሳስብም፣ በጣት ሲነኩት የሚወጋ ስንጣሪ ግን የጥርስ ወይም የኩሽኔታ ስባሪ ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል፤ የአክስሉ መተንፈሻም ተደፍኖ እንደሆነ ይታይ።

ቀጥሎ ዘንጉን ፈትተው ፒኞኑ ላይ ያለውን ክብ ማሰሪያ በእጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። ግራና ቀኝ ሲያዞሩት ጥቂት መላወሱ የጤና ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተላወሰ ግን የፒኞን ኩሽኔታው አልቋል፣ ይህም ጥርሶቹን ከመብላቱ በፊት ቶሎ መጠገን አለበት። የማይላወስ ከሆነ፣ ዘይቱም ንጹሕ ከሆነ፣ እኛ ብንሆን ዲፈረንሻሉን አንነካውም። ጥርሱ በዕድሜ የተፋቀ ዲፈረንሻል እያላዘነ ዓመታት ሊያገለግል ይችላል፤ በጥንቃቄ ያልተለካ ምትክ ግን ከእሱ ብሶ ሊጮኽ ይችላል። የግድ ይቀየር ከተባለም ኮሮናና ፒኞን አብረው ተፈጭተው የተጣጣሙ ጥንዶች ናቸውና፣ አንዱን ከአንድ መኪና ሌላውን ከሌላ አምጥቶ ማጋጠምን አይቀበሉ።

ጥያቄ፦ የቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍጄ40 ባለቤት ነኝ። ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ከካምቢዮው አካባቢ ጉርርር የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፍሪሲዮን ስረግጥ ይጠፋል። ጓደኛዬ የፍሪሲዮን ኩሽኔታ ነው አለኝ፤ ልክ ነው?

መልስ፦ ተገላቢጦሹ ነው። ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ኩሽኔታ ሥራ የሚበዛበት ፔዳሉ ሲረገጥ ስለሆነ፣ እሱ ቢታመም ኖሮ የሚጮኸው ሲረግጡ ነበር። ሲረግጡ የሚጠፋ ድምፅ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ መዞሩን ያቆመ ነገር ድምፅ ነው፤ ይህም የካምቢዮው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ወይም ከሥሩ ሁልጊዜ አብሮት የሚዞረው የታችኛው ዘንግ ነው። ሁለቱን ለመለየት ይንዱት። በአራተኛ ማርሽ ኃይሉ በታችኛው ዘንግ ሳያልፍ በቀጥታ ስለሚሄድ፣ ከአንድ እስከ ሦስት እየጮኸ በአራተኛ ዝም የሚል ከሆነ የታችኛውን ዘንግ ኩሽኔታዎች ይጠርጥሩ፤ በሁሉም ማርሽ እኩል የሚያጉረመርም ከሆነ የመግቢያውን። ከሁሉ በፊት የካምቢዮውን የዘይት ልክ ይዩ።

ጥያቄ፦ ከጭቃ ወጥቼ አስፋልት ላይ ስታጠፍ መኪናዬ እየተንገራገጨ ‹‹ቋ!›› ይላል፤ በአራቱም ጎማ እንዲጎትት የሚያደርገው ባለ ቢጫ እጀታም አልላቀቅ ይለኛል። ተሰብሮ ይሆን?

መልስ፦ የተሰበረ ነገር ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያሉ መኪኖች በአራቱም እግር ሲጎትቱ የፊትና የኋላ ዘንጎች በግትር ይያያዛሉ፤ በመካከላቸው የፍጥነት ልዩነትን የሚያስታርቅ ሌላ ዲፈረንሻል የላቸውም። በመታጠፊያ ላይ የፊት ጎማዎች ሰፋ ያለ ክብ ስለሚሄዱ ልዩነቱ በጭቃ ላይ በመንሸራተት ይወጣል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መውጫ አጥቶ ዘንጎቹን እንደ ጥምዝ ገመድ ያከርራቸዋል። ቋ የሚለው ጎማው በግድ ሲንሸራተት ነው፣ እጀታው የማይላቀቀውም ጥርሶቹ በውጥረት ስለተነከሱ ነው። መሪውን ቀጥ አድርገው ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ይሂዱ፤ ውጥረቱ ሲረግብ እጀታው በቀላሉ ይላቀቃል። ከተላቀቀ በኋላም በሁለት እግር ሲነዱት ቋታው ከቀጠለ፣ የፊቱን ዘንግ ክሮቸራዎች ከላይ በተገለጸው መንገድ በእጅዎ ይፈትሹ።