የልብ ወለዱ ቴዎድሮስና የአያቴ ቴዎድሮስ

ጥያቄ፦ በዚህ ክረምት ሁለት ልብ ወለዶችን አከታትዬ አነበብሁ። የመጀመሪያው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሆን፣ ስለ ሰብለ ወንጌል ሳስብ ያደርሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ጥያቄዬ ግን ስለ ሁለተኛው፣ ስለ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ነው። ስጨርሰው ለንጉሡ አዝኜ አለቀስሁ። ማታ ታሪኩን ለአያቴ ሳጫውታቸው ጥጥ ይፈትሉ ነበርና እንዝርታቸውን አቆሙ፤ ጥቂት ዝም ብለውም «ጀግናስ ጀግና ነበር፤ ጎንደርን ያቃጠለው ግን እሱ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን ባነሣሁ ቁጥር ያ የቆመ እንዝርት ይታየኛል። በማልቀሴ የከተማዬን በደል የረሳሁ ይመስለኛል። ልብ ወለድን እንዲህ አምኖ ማንበብ ተገቢ ነውን?
አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር

መልስ፦ አያትዎ ያሉት እውነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጥለዋል። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሲወድቅም ከተከማቹት ብራናዎች ብዙዎቹ በእንግሊዝ ጦር እጅ ገብተው ባሕር ተሻገሩ። የጎንደር ሰው ይህን ሲያስታውስ የሚያዝነው ስለ ሕንፃ ብቻ እንዳልሆነ እረዳለሁ።

ይሁን እንጂ በእንባዎ ሊጸጸቱ አይገባም። ብርሃኑ ዘሪሁን ራሱ የጎንደር ልጅ ነው፤ አያትዎ የሚያውቁትን ነገር ሳይሰማ አደገ ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ፣ የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «ቴዎድሮስ» የተሰኘው ተውኔት ቀድሞት ነበር፤ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ተከተለ። የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች የተበታተነች አገርን አንድ ለማድረግ ተነሥቶ ብቻውን የቀረን ሰው ይፈልጉ ነበር፣ በቋራው ካሣም አገኙት። እኔ እንደማምነው ልብ ወለድ የሰውን ብቸኝነት ከውስጥ ያሳየናል እንጂ የፈጸመውን በደል አይሰርዝለትም። ሰውየውን ከውስጥ ስላዩት አለቀሱ፤ አያትዎ ደግሞ ከተቃጠለው ከተማ በኩል ስላዩት እንዝርታቸውን አቆሙ።

ቀጥለው የሚያነቡትን ከፈለጉ ስለ ንጉሡ የተጻፉ ሁለት ዜና መዋዕሎችን ጎን ለጎን ያንብቡ። የደብተራ ዘነብ ጽሑፍ ንጉሡን የሚያደንቅ ሲሆን ከቃጠሎው ዓመት በፊት ያበቃል፤ የአለቃ ወልደ ማርያም ግን እስከ መቅደላ ይዘልቃል፣ በንጉሡም ላይ ጠንከር ያለ ፍርድ ይሰጣል። ከሁሉ አስቀድመው ግን፣ አያትዎ ያንን ነገር ከማን አፍ እንደሰሙት፣ ያወሩላቸው ሰዎች የየትኛው ደብር አጥቢያ እንደነበሩ ጠይቀው፣ በራሳቸው አነጋገር ደብተር ላይ ያስፍሩልን።