እጃችሁን ማውጣት ለፈራችሁ

ልጆቼ፣ ረጅም ዘመን ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለዘጠነኛ ክፍል ከገጠር ወደ ከተማ መጥታችሁ፣ ቤት ተከራይታችሁ ለምትማሩት ነው። በአነጋገራቸውና በጫማቸው ሲሳለቁባቸው ያየኋቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። በትውልድ ቀበሌው አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ጮክ ብሎ ሲያነብ ይሳቅበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን አያወጣም፤ ያልገባውንም አይጠይቅም። ሒሳብ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ ክፍልፋይ ሳይገባው ያለፈ ልጅ አልጀብራ ሲመጣ ጨርሶ ይጠፋበታል። ፈተና ላይ እንኳ ከኋላው ማን እየሳቀ እንደሆነ ሲያብሰለስል፣ ለጥያቄው የሚሆነውን ሐሳብ ስጋት ይሻማበታል። ውጤቱ ይወርዳል። ከሁሉ የሚከፋው ተሳላቂዎቹ ያሉትን ራሱ ሲያምን ነው፤ "ድሮም አልችልም" ይላል።

እንዲህ ላለ ልጅ "በራስህ ተማመን" ብሎ መምከር ያናድደኛል። በምን ይተማመን? የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ "እችላለሁ" የሚለው እምነት ዋነኛ ምንጭ ራስ ሠርቶ ማየት እንደሆነ፣ የሰው ማበረታቻ ግን ከዚያ ደከም እንደሚል አስረድቷል። ስለዚህ አንድ ርዕስ ብቻ ምረጡ። ለሌላ ሰው ማስረዳት እስክትችሉ ድረስ ሥሩት። ጥያቄ ሲኖራችሁ መጀመሪያ መምህራችሁን በእረፍት ሰዓት ለብቻው ጠይቁ። ፊቱን ካጠቆረባችሁ ሌላ መምህር ፈልጉ፤ መምህራን ሁላችንም ትዕግሥተኞች አይደለንም።

ስድቡን ግን ቻሉት አላልኩም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ የእኩዮቹ ጥቃት ደርሶበታል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዲህ ያለውን ጥቃት ለመግታት አገር አቀፍ ዘመቻ ስትጀምር የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳን ኦልዌየስ የቀረጸው መርሐ ግብር፣ ኃላፊነቱን የጣለው በትምህርት ቤቱና በወላጆች ላይ ነበር። የተጠቃው ልጅ ብቻውን እንዲወጣው አልተተወም። እናንተም ቀኑንና የተባላችሁትን ጽፋችሁ ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ንገሩ። ይህ ወሬ ማመላለስ አይደለም።

ሳትሰድቡ አብራችሁ ለምትስቁትም አንድ ነገር ልበል። ተሳዳቢው የሚበረታው በእናንተ ሳቅ ነው። የቤት ሥራ በቡድን ስትሠሩ ያን ልጅ ጥሩት፤ ምናልባት እናንተን ያቃታችሁን ጥያቄ እሱ ሠርቶት ይሆናል።