የ6 ወር ቅድሚያ ክፍያና የኪራይ ጭማሪን በተመለከተ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ባለው ግቢዎ ውስጥ ለሚያከራዩት ሰርቪስ ቤት የ6 ወር ኪራይ በቅድሚያ መቀበልና በየ3 ወሩ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል፤ ሁለቱም አይፈቀዱም። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ ሊበልጥ አይችልም፤ ጭማሪም የሚደረገው የቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል በዓመት አንድ ጊዜ ይፋ በሚያደርገው መጠን ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለ2 ዓመት የሚፈረምና በ30 ቀናት ውስጥ የሚመዘገብ በመሆኑ፣ የመነሻውን ዋጋ በደላላ ወሬ ሳይሆን በሰፈሩ ሁኔታ አስበው ይወስኑ። ኪራዩን በባንክ ይቀበሉ። በእኔ እምነት ግን በአንድ ግቢ የሚኖሩ አከራይና ተከራይን ከኪራዩ ይልቅ የሚያጋጫቸው የጋራ ቆጣሪ ስለሆነ፣ የውሃና የመብራት ሂሳብ እንዴት እንደሚከፈል በውሉ ላይ በግልጽ ያስፍሩ።