ለአንድ መብራት ተብሎ ኪስ ይፈተሻል ወይ ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ወንድምሽን የመኪናው የኋላ መብራት ስለማይሠራ አስቆሙት። ስሙን ሲያዩ ሳይቀርብ በቀረበት የድሮ የትራፊክ ቀጠሮ ዋራንት (የፍርድ ቤት የመያዣ ትእዛዝ) ወጥቶበት ተገኘ። ካቴና አስገቡለት፣ ኪሱን ፈተሹ፣ ሐኪም ያላዘዘለት የሕመም ማስታገሻ ክኒን አገኙ። መኪናውንም በረበሩ፣ ስልኩን ከፍተው መልእክቶቹን አዩ። እስካሁን አልወጣም። «ለአንድ መብራት ይህ ሁሉ ምን ፕሮባብል ኮዝ አለው?» ነው ያልሽው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። እዚህ አሜሪካ ፍርድ ቤት ለአማርኛ ተናጋሪዎች ሳስተረጉም ዓመታት አልፈውኛል። ከዚያ በፊት ታክሲ ነጂ ነበርኩ። ነገሩን ከመሪ ኋላም ከችሎት ፊትም አይቼዋለሁ።

የማይጥምሽን ላስቀድም። የኪሱ ፍተሻ ብዙ የሚያከራክር አይመስለኝም። ፖሊስ ሰው ለማሰር በቂ ምክንያት፣ አንቺ «ፕሮባብል ኮዝ» ያልሽው፣ ያስፈልገዋል። ይህ ሰው ወንጀል ሠርቷል ብሎ ለማመን የሚያስችል ተጨባጭ ነገር ማለት ነው። ከተራ ጥርጣሬ ይበልጣል፣ ጥፋተኛ ለማለት ከሚፈለገው ማስረጃ ግን በብዙ ያንሳል። ወንድምሽ ላይ ደግሞ ዋራንቱ ስለነበረ ፖሊሱ እዚያ መንገድ ዳር ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገውም። እስሩ ሕጋዊ ከሆነ የኪሱ ፍተሻ አብሮት ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሮቢንሰን ጉዳይ የወሰነው ይህንኑ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራልሽ)። ሰውየው የታሰረው መንጃ ፈቃዱ ተሰርዞ ሳለ ሲነዳ ነው። ኪሱ ውስጥ ከነበረ የተጨማደደ የሲጋራ ፓኮ ሄሮይን ወጣ። መንጃ ፈቃድና ሄሮይን ምን አገናኛቸው? ምንም። ፍርድ ቤቱ ግን እስሩ ትክክል ከሆነ ለፍተሻው ተጨማሪ ምክንያት አያስፈልግም አለ።

ቲኬት ብቻ ሰጥተው ቢሸኙት ኖሮ ሌላ ነበር። በ1998 በተወሰነ ጉዳይ፣ በአይዋ ግዛት አንድ ፖሊስ በፍጥነት ለነዳ ሰው ቲኬት ጽፎ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ፈተሸ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፣ ቲኬት እስር አይደለምና።

ወደ መኪናው ስንመጣ ለጠበቃው የሚሆን ነገር አለ። በ2009 የተወሰነ የአሪዞና ጉዳይ አለ። ጋንት የሚባል ሰው በታገደ መንጃ ፈቃድ ነድቶ ተያዘ። በካቴና ታስሮ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ሳለ የእሱን መኪና በረበሩ። ኋላ ወንበር ላይ ከነበረ ጃኬት ኮኬይን ወጣ። ፍርድ ቤቱ ይህን ከለከለ። እስርን ምክንያት አድርጎ መኪና የሚፈተሸው ታሳሪው እጁን ወደ ውስጥ መስደድ የሚችል ከሆነ ነው። ወይም ደግሞ የታሰረበት ወንጀል ማስረጃ እዚያ አለ ለማለት ምክንያት ካለ። ላልተቀረበበት ቀጠሮ መኪና ውስጥ ምን ማስረጃ ይገኛል?

ግን ክኒኑ አለ። ክኒኑ መጀመሪያ ከተገኘ ፖሊሱ «ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥም ዕፅ አለ ብዬ አመንኩ» ይላል። መኪና ላይ በቂ ምክንያት ካለ ያለ ዋራንት፣ ማለትም ያለ ፍርድ ቤት የፍተሻ ትእዛዝ፣ መፈተሽ ከ1925 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። መኪናው ተጎትቶ የሚሄድ ከነበረም «ንብረት እየመዘገብን ነው» ማለት ይችላሉ። ስለዚህ ወሳኙ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ካቴናው መቼ ገባ? ክኒኑ መቼ ወጣ? የመኪናው በር መቼ ተከፈተ? ፖሊሱ ደረቱ ላይ ካሜራ ከነበረው ጠበቃው ቪዲዮውን ቶሎ ይጠይቅ።

ስልኩ ላይ ግን ወንድምሽ መብቱ ጠንካራ ነው። በ2014 በራይሊ ጉዳይ ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ወሰኑ። ፖሊስ የታሰረን ሰው ስልክ ይዞ ማቆየት ይችላል። ከፍቶ ለማንበብ ግን ዋራንት ያምጣ። እውነተኛ አስቸኳይ አደጋ ካለ ብቻ ነው ልዩ የሚሆነው።

አንድ ነገር ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። እሱም የራሱ ፈቃድ ነው።

ከታክሲ ዘመኔ አንድ ሌሊት አይረሳኝም። ያስቆመኝ ፖሊስ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ቴክ ኤ ሉክ?» አለኝ። እኔም «ኖ!» አልኩት፣ ጠንከር አድርጌ። በልቤ «አይሆንም» ማለቴ ነበር። እሱ ግን አመስግኖኝ የኋላውን የዕቃ ቦታ ከፈተ። ለካ የጠየቀኝ «ባየው ቅር ይልሃል?» ብሎ ነው። እኔም «ኧረ ምንም ቅር አይለኝ» ብዬ ፈቅጄ አረፍኩት። በፌስታል የያዝኩትን በሶ በባትሪ እያበራ ሲያሸት ቆየ። አሁን ያስቀኛል፣ ያኔ ግን ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ችሎት ላይ ደግሞ የሚያስቸግረኝ «እሺ» ነው። እኛ «እሺ» የምንለው ሰምቻለሁ ለማለትም፣ አክብሬሃለሁ ለማለትም ነው። ፖሊስ ፊት «ኦኬ፣ ኦኬ» ስንል ግን ሪፖርቱ ላይ «ፈቅዷል» ተብሎ ይጻፋል። ፖሊሱ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ እንዲነግርሽም አይገደድም፣ በ1973 በሌላ ጉዳይ ተወስኗል። ስለዚህ ወንድምሽን ስልኩን ማን እንደከፈተው ጠይቂው እልሽ ነበር፤ ኮዱን ራሱ ሰጥቶ ከሆነ የራይሊው ውሳኔ ብዙ አይጠቅመውም። ግን አሁን አንቺ አትጠይቂው፣ ጠበቃው ይጠይቀው። ለሚቀጥለው ጊዜ የሚባለው «አይ ዱ ናት ኮንሴንት» ነው፣ «አልፈቅድም» ማለት ነው። በአፍ ብቻ፣ እጅ ሳያንቀሳቅሱ። ከዚያ በኋላ ቢፈትሹም ዝም ይበል፣ ክርክሩ ዳኛ ፊት ነው።

ጠበቃ መክፈል ካልቻለ መንግሥት ያቆምለታል። ያ ጠበቃ ማስረጃው ውድቅ እንዲደረግ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የአንዳንድ ግዛቶች ሕግ ከፌዴራሉ የበለጠ ስለሚከላከል ያንንም ይመልከት። ወንድምሽ ዜጋ ካልሆነ ደግሞ «ቀላል ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ በልና ውጣ» የሚል ምክር እንዳይሰማ። የአንዲት ክኒን ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ይህን የማስረዳት ግዴታ የጠበቃው መሆኑን ፍርድ ቤቱ በ2010 ወስኗል፤ በግልጽ ጠይቁት።

«አንቺ አትጠይቂው» ያልኩሽ ለዚህ ነው። የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል። ሲደውልልሽ ስለ ጤናው፣ ስለ እናታችሁ አውሩ፣ ስለ ክኒኑ ግን አንድም ቃል አትተንፍሱ። «በአማርኛ ነው፣ ማን ይሰማናል» እንዳትሉ። የሚሰማው እንደ እኔ ያለ ሰው ነው፤ ቃል በቃል ተርጉሞ ለዐቃቤ ሕጉ ያስረክባል።